ችግኙ ይቆያችሁ፦ የእግር ኳስ ደጋፊዎች የአካባቢ ጥበቃ ሥራ ከየት ይጀምራሉ?

አንድ የደጋፊዎች ማኅበር "ለአካባቢያችን አንድ ነገር እናድርግ" ሲል መጀመሪያ የሚታየው ችግኝ ነው። ማሊያ ይለበሳል፣ አካፋ ይያዛል፣ ፎቶ ይነሣል። ከሦስት ወር በኋላ ችግኙን የሚያጠጣው ሰው የለም። መትከሉን አልቃወምም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። የጨዋታ ቀን ጉዳት ግን ያለው ሌላ ቦታ ነው። ደጋፊው በመጣበት መኪና፣ ቡድኑ በተሳፈረበት አውሮፕላን፣ በዕረፍት ሰዓት በሚጣለው ኩባያ።

ይህ መመሪያ ከእነሱ ይጀምራል። ለትልቅ ክለብም ለሰፈር ቡድንም ይሆናል። ገንዘብ የሚጠይቀውን ወደ መጨረሻ ገፍቼዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

1. አምስት ሰው ሰብስቡ፣ አንድ ጨዋታ ምረጡ

ትልቅ ኮሚቴ አታቋቁሙ። ስብሰባው ሥራውን ይበላዋል። አምስት ሰው ይበቃል። አንዱ ከአስጨፋሪዎቹ ጋር የሚግባባ ይሁን። አንዱ ቁጥር የማይሰለቸው። አንዱ ደግሞ የክለቡን ሠራተኞች በስም የሚያውቅ፣ ጥበቃው በሩን የሚከፍትለት ዓይነት ሰው።

ከዚያ በራሳችሁ ሜዳ የሚደረግ አንድ ተራ ጨዋታ ምረጡ። ደርቢ አይሁን። በደርቢ ቀን የሰው ልብም ጆሮም ሜዳው ላይ ነው፤ የፀጥታ ሰዎችም ወረቀት ይዞ የሚዞር ሰው አይወዱም። በመረጣችሁት ጨዋታ ላይ ምንም ለመለወጥ አትሞክሩ። ሥራችሁ መቁጠር ብቻ ነው።

2. በር ላይ ቆማችሁ ጠይቁ

ለየበሩ ሁለት ሰው መድቡ፤ አንዱ ጠያቂ፣ ሌላው መዝጋቢ። ጥያቄው ከሦስት አይበልጥ፦ ከየት መጣችሁ? በምን መጣችሁ? ስንት ሆናችሁ?

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ዋናው ግን እሱ ነው። በመኪና የመጡ 90 ሰዎች መዘገባችሁ እንበል፤ የመጡት ደግሞ በ60 መኪና ነው። አራት አራት ሆነው ቢመጡ ኖሮ 23 መኪና ይበቃቸው ነበር። 37ቱ መኪና ቤቱ መዋል ይችል ነበር ማለት ነው። "በመኪና መጣን" የሚለው መልስ ብቻውን ይህን አይነግራችሁም።

የምታውቁትን ፊት እየመረጣችሁ አትጠይቁ። በየአሥረኛው ሰው ጠይቁ። ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ሳለ መልስ መስጠት አይከብደውም። ፊሽካ ሊነፋ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ግን ማንንም አታስቁሙ፤ ትሰደባላችሁ።

3. ቆሻሻውን ዘርግፉት

ይህኛው ደስ አይልም፤ የሚያስተምረው ግን ከሁሉም በላይ ነው። ጨዋታው እንዳለቀ ከአምስት ቦታ አንድ አንድ ከረጢት ውሰዱ፦ ከክብር ትሪቡን፣ ከጎል ጀርባ፣ ከምግብና መጠጥ መሸጫው፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ ከመውጫው በር። በየከረጢቱ ላይ ከየት እንደመጣ ጻፉበት። ሸራ አንጥፉ፣ ጓንት አጥልቁ፣ ዘርግፉት።

ከዚያ ለዩት። የሚጣል ኩባያ ለብቻ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ለብቻ፣ የምግብ ማሸጊያ፣ ወረቀት፣ የምግብ ትራፊ። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረ ውሃ ካለ መጀመሪያ ድፉት፤ አለዚያ የምትመዝኑት ውሃ ነው። እያንዳንዱን ክምር በተንጠልጣይ ሚዛን መዝኑ፤ ፍሬውንም ቁጠሩ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ኩባያ በሚዛን ላይ ምንም አይደለም፤ ከረጢቱን የሚሞላው ግን እሱ ነው። ቆሻሻ የሚያነሣው ድርጅት በከረጢት ወይም በምልልስ የሚያስከፍል ከሆነ ክለቡ የሚከፍለው ለዚያ ባዶ ቦታ ነው።

የእያንዳንዱን ክምር ፎቶ አንሡ፤ ቀጥሎ ይጠቅማችኋል።

እዚህ ላይ ስለ ጽዳት ዘመቻ አንድ ነገር ልበል። የጃፓን ደጋፊዎችን ሁላችሁም አይታችኋል። በ2022 በኳታሩ የዓለም ዋንጫ መክፈቻ፣ ኳታርና ኢኳዶር በተጫወቱበት ስታዲየም፣ ቡድናቸው ባልነበረበት ጨዋታ ቆሻሻ ሲለቅሙ ነበር። በ2018 በቤልጂየም 3 ለ 2 ተሸንፈው ከሩሲያው ውድድር ሲሰናበቱም ከረጢታቸውን ይዘው ወንበር ለወንበር ዞረዋል። ትልቅ ጨዋነት ነው። ግን የተለቀመ ቆሻሻም ቆሻሻ ነው፤ ከወንበር ሥር ወደ ከረጢት ገባ እንጂ አልጠፋም። ከክምሮቻችሁ ትልቁን ለይታችሁ "ይህ ነገር ለምን ስታዲየም ገባ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሥራው ያለው እዚያ ነው።

4. ክለቡን ስታነጋግሩ

ፕሬዚዳንቱ ዘንድ አትሂዱ። ቢበዛ ፎቶ ተነሥቶ ይሸኛችኋል። የመብራት፣ የውሃና የቆሻሻ ሒሳብ የሚያልፍበትን ሰው ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የስታዲየሙ ሥራ አስኪያጅ ወይም የፋይናንስ ክፍሉ ነው። የሜዳ ሠራተኛውን ደግሞ ከሁሉም በፊት አነጋግሩት። የትኛው ቧንቧ እንደሚያፈስ፣ የትኛው መብራት ሌሊቱን ሲበራ እንደሚያድር የሚያውቀው እሱ ነው።

ይዛችሁ የምትሄዱት አንድ ገጽ ይብቃ። ላዩ ላይ ፎቶው፣ ቀጥሎ የቆጠራችሁት፣ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ። "ለሦስት ጨዋታ እንሞክረው፤ ሰው ከእኛ" በሉ። "እስከ ዘላለሙ ቀይሩ" ለሚል ጥያቄ እሺ ማለት ለማንም ይከብዳል። ለሦስት ጨዋታ ግን እምቢ ለማለትም ያሳፍራል።

በእንግሊዝ ፎረስት ግሪን ሮቨርስ የሚባል ክለብ አለ። ዴል ቪንስ የተባለ የታዳሽ ኃይል ባለሀብት በ2010 ኃላፊነቱን ሲረከብ ክለቡ በአምስተኛው እርከን ይጫወት ነበር። በ2015 በስታዲየሙ የሚሸጠው ምግብ በሙሉ ሥጋም ወተትም የሌለበት ሆነ። ጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል ተተከለ፤ ሜዳው ያለ ኬሚካል መያዝ ጀመረ። በ2017 ፊፋ "የዓለማችን አረንጓዴው ክለብ" አለው። ያው ባለቤቱ ወሰነ፣ ሆነ። ሁሉም ክለብ እንዲህ ያለ ባለቤት አይታደልም። የእናንተ መንገድ ይረዝማል፤ በሒሳብና በትዕግሥት ነው የሚሄደው።

"እኛ ኳስ ነው የምንጫወተው፣ ይህ ምን አገባን?" የሚል ኃላፊ አይጠፋም። የእንግሊዙን ክለብ የካርላይል ዩናይትድን ታሪክ ንገሩት። በዲሴምበር 2015 ዴዝመንድ የተባለው ማዕበል ብራንተን ፓርክ ስታዲየማቸውን በጎርፍ ዋጠው። ቡድኑ በራሱ ሜዳ ማድረግ የነበረበትን ጨዋታ በሌሎች ክለቦች ሜዳ ለመጫወት ተገደደ። ሜዳ ከሌለ ትኬትም የለም።

5. ጉዞው ላይ በርቱ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ይህን ነው። ደጋፊው ወደ ስታዲየም የሚመጣበት መንገድ ብዙ ጊዜ ከጨዋታ ቀን በካይ ጋዝ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ክለቡ ግን "እሱ የእኛ አይደለም" ብሎ ያልፈዋል። ደጋፊ ደግሞ መኪናውን ከነካችሁበት ይቆጣል። ስለዚህ "መኪናህን ተው" አትበሉት። ሌላውን መንገድ አመቻቹለት።

የመጀመሪያው መኪና መጋራት ነው። በር ላይ የሰበሰባችሁት መረጃ እዚህ ይሠራል። ከየትኛው ሰፈር ብዙ መኪና እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ለዚያ ሰፈር አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ። ለከተማው ሁሉ አንድ ግሩፕ ከከፈታችሁ በሁለት ቀን ስለ ዝውውር ወሬና ስለ ዳኛ ስድብ ይሞላል። ክለቡ ደግሞ አራት ሰው ለጫነ መኪና ለበሩ የሚቀርበውን የማቆሚያ ቦታ ይስጥ። ምንም ወጪ የለውም፤ የሚያመጣው ለውጥ ግን ከማንኛውም ፖስተር ይበልጣል።

ሁለተኛው አውቶቡስ ነው። ከሜዳ ውጭ ለሚደረግ ጨዋታ ማኅበሩ አውቶቡስ ይከራያል፤ ይህ የታወቀ ነው። በራስ ሜዳ ለሚደረገውስ? ራቅ ካለ ሰፈር 40 ሰው ካለ አውቶቡስ ያዋጣል። መነሻውን ብቻ ሳይሆን መመለሻውንም አስቡ። ሰው መኪናውን የሚያወጣው ለመምጣት ሳይሆን በማታ ለመመለስ ሲል ነው። ጨዋታው የሚያልቅበትን ሰዓትና የመጨረሻው አውቶቡስ ወይም ባቡር የሚነሣበትን ሰዓት አስተያዩ። የጭማሪ ደቂቃውንም አትርሱ። በመካከላቸው 20 ደቂቃ ብቻ ካለ ሰው ሁሉ በ85ኛው ደቂቃ ይወጣል፤ አለዚያ በሚቀጥለው መኪናውን ይዞ ይመጣል። ክለቡና የትራንስፖርት ድርጅቱ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው አንድ ተጨማሪ ጉዞ ቢያዘጋጁ ይህ ይፈታል። በጀርመን ብዙ ክለቦች ከዚህም አልፈው ሄደዋል፤ የጨዋታው ትኬት ራሱ በዕለቱ የባቡርና የአውቶቡስ ትኬት ሆኖ ያገለግላል።

ብስክሌት ለሚመጣው ደግሞ የሚያስፈልገው ጠባቂ ነው። ብረት ማሰሪያ ብቻ ተክሎ "ለብስክሌት አመቻችተናል" ማለት አይሆንም። ሰው ለ90 ደቂቃ ስለ ብስክሌቱ እየተጨነቀ ኳስ አያይም።

ቡድኑንም ጠይቁ። ቢቢሲ በ2023 መጀመሪያ ላይ 100 የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎችን ተከታትሎ ቡድኖች ያደረጓቸውን 81 የአገር ውስጥ በረራዎች ቆጥሯል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ግማሽ ሰዓት እንኳ የማይሞሉ ናቸው። ተጫዋች በአውሮፕላን ሲሄድ እያየ ደጋፊው "እኔ በአውቶቡስ ልጋፋ?" ቢል አልፈርድበትም። ከስንት ኪሎ ሜትር በታች ቡድኑ በመንገድ እንደሚጓዝ ክለቡ በጽሑፍ ያስቀምጥ።

ፉክክሩን ተጠቀሙበት። በእንግሊዝ ፕሌጅቦል የሚባለው ድርጅት ያደረገው ይህንኑ ነው። የሁለቱ ተጋጣሚ ክለቦች ደጋፊዎች በአኗኗራቸው ላይ አንድ ለውጥ ለማድረግ ቃል ይገባሉ፤ ብዙ ቃል የገባው ወገን ያሸንፋል። ለጋራ ጥቅም የማይነሣ ቲፎዞ ባላንጣውን ለመብለጥ ይነሣል። ቶተንሃምና ቼልሲ በሴፕቴምበር 2021 ያደረጉት ጨዋታም ለዚሁ ዓላማ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ደጋፊዎች በሕዝብ ትራንስፖርት እንዲመጡና ሥጋ እንዲቀንሱ ተጠየቁ። ቶተንሃሞች በሜዳቸው 3 ለ 0 ተሸነፉ እንጂ ሐሳቡ ጥሩ ነበር።

6. ኩባያው

ከረጢቱን ስትዘረግፉ ትልቁ ክምር ኩባያ ከሆነ መፍትሔው የማስያዣ ኩባያ ነው። ደጋፊው ከመጠጡ ዋጋ በላይ ትንሽ ማስያዣ ይከፍላል፤ ጠንካራ ኩባያ ይሰጠዋል፤ ሲመልስ ገንዘቡን ይወስዳል። ሲነገር ቀላል ነው። የሚበላሸው በጥቃቅን ነገር ነው።

አርማ አታትሙበት። ይህን ስል ብዙ ሰው ይገርመዋል። የክለቡ አርማ ያለበት ኩባያ ያምራል፤ ስለሚያምርም ቤት ይሄዳል። ጠንካራ ኩባያ ሲሠራ ከሚጣለው የበለጠ ፕላስቲክ ይፈጃል። የሚጠቅመው ደጋግሞ ሲታጠብና ሲቀዳበት ብቻ ነው። ሰው ሰብስቦ መደርደሪያ ላይ ካስቀመጠው ከበፊቱ የባሰ ሠርታችኋል።

መመለሻው ከመሸጫው ይለይ። ዕረፍቱ 15 ደቂቃ ነው። የሚገዛና የሚመልስ በአንድ ሰልፍ ከቆሙ ሻጩም ደጋፊውም ይማረራል፤ በሦስተኛው ጨዋታ ሥራው ይቀራል። አንድ መመለሻ በደረጃው ግርጌ፣ አንድ በመውጫው በር አድርጉ። ማስያዣውም ክብ ቁጥር ይሁን፤ ሻጭ በሳንቲም ፍለጋ አይጠመድ።

ተሰልፎ ለመመለስ ለሚታክተው ደግሞ ትልቅ በርሜል አስቀምጡና "ማስያዣዬ ለታዳጊ ቡድኑ" ብላችሁ ጻፉበት። በሃምቡርግ የሳንክት ፓውሊ ተጫዋች የነበረው ቤንያሚን አድሪዮን የመሠረተው ቪቫ ኮን አግዋ የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት በዚህ መንገድ ኩባያ እየሰበሰበ ለንጹሕ ውሃ ሥራ ገንዘብ ያገኛል። ሰው ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ካወቀ ኩባያውን ከበርሜሉ ውጭ አይጥልም።

ማጠቢያውን አስቀድማችሁ እወቁ። ስታዲየሙ ውስጥ ማሽን ከሌለ የሚያጥብ ድርጅት ያስፈልጋል። እሱም ከሌለ ኩባያውን አትጀምሩ። ይልቅ የውሃ መቅጃ ቧንቧ አስተክሉና ሰው የራሱን መያዣ ይዞ እንዲገባ በሩ ላይ አስፈቅዱ። ጥበቃዎች የሚከለክሉት ወደ ሜዳ ይወረወራል ብለው ነው። ክዳን የሌለው ለስላሳ መያዣ ብታቀርቡላቸው ብዙ ጊዜ ይስማማሉ። በዚህ ብቻ የባዶ ሃይላንዱ ክምር ይቀንሳል።

7. መብራት፣ ውሃ፣ ሜዳ

እዚህ ገንዘብ ይገባል። ቢሆንም በነፃ የሚጀመር አለ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ የሜዳው መብራት ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ለአንድ ወር መዝግቡ። ብዙ ጊዜ የሚበራው ለጽዳት ሠራተኞቹ ነው፤ ለእነሱ ደግሞ የትሪቡኑ መብራት ይበቃል።

ውሃን በተመለከተ አንድ ሒሳብ ያዙ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው። የትሪቡናችሁ ጣሪያ 1,000 ካሬ ሜትር ከሆነ በአንድ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 10,000 ሊትር ይወርዳል። ይህ ውሃ አሁን ወዴት ይሄዳል? ታንከር ካለ ሣሩን ያጠጣል። ሣሩም የሚጠጣው ንጋት ላይ ይሁን፤ በቀትር የሚረጨው ብዙው በፀሐይ ይተናል።

ስለ ፀሐይ ኃይል ለማሳመን አምስተርዳምን አሳዩ። የዮሃን ክራይፍ አሬና ስታዲየም ጣሪያው ላይ ወደ 4,200 የሚጠጉ የፀሐይ ፓኔሎች አሉት። በ2018 ደግሞ አዲስና ያገለገሉ የኒሳን ሊፍ መኪና ባትሪዎችን አቀናጅቶ 3 ሜጋ ዋት የሚሰጥ ማከማቻ ተከለ። ስታዲየም አብዛኛውን ቀን ባዶ ነው፤ ጣሪያው ግን ሁልጊዜ ፀሐይ ላይ ነው።

ሰው ሠራሽ ሣር ካላችሁ በመካከሉ ያለው ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ በጫማና በካልሲ እየወጣ ወደ ቦይ ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ደንብ ከስምንት ዓመት የሽግግር ጊዜ በኋላ የፍርፋሪውን ሽያጭ ይከለክላል። እስከዚያው በመውጫው ላይ የጫማ መጥረጊያ ብሩሽ ተከሉ፤ የተራገፈውን መልሱና ሜዳው ላይ በትኑት።

8. ማሊያና ባነር

በአጭሩ፦ ማሊያ ፕላስቲክ ነው፤ አብዛኛው የሚሠራው ፖሊስተር ከሚባል የፕላስቲክ ክር ነው። በየዓመቱ አዲስ መግዛት ግዴታ አይደለም። የእንግሊዙ ክለብ ብሬንትፎርድ በራሱ ሜዳ የሚለብሰውን ማሊያ ለ2021/22 እና ለ2022/23 ሳይቀይር ተጫውቶበታል፤ የቀረበት ነገር የለም። ክለባችሁ እንዲሁ እንዲያደርግ ጠይቁ። አሮጌውን ሰብስባችሁ ማሊያ ለሌላቸው የሕፃናት ቡድኖች ስጡ። ባነሩን ደግሞ ቀን አትጻፉበት። ቀን የሌለው ጨርቅ አሥር ዓመት ይሰቀላል።

9. አሁን ችግኙ

ተከላካዩ ኤክቶር ቤየሪን አርሰናል እያለ በ2020 ሊጉ ከኮሮና በኋላ ሲመለስ ቡድኑ ላሸነፈበት ጨዋታ ሁሉ 3,000 ዛፍ ለማስተከል ቃል ገብቶ ነበር። ሐሳቡን መውሰድ ትችላላችሁ፤ ግን ቁጥሩን አሳንሱት። ለአንድ ጎል አንድ ዛፍ ይበቃል፤ አጥቂያችሁ ሰነፍ ካልሆነ በቀር።

የሚተከለው ዝናብ ሲጀምር ነው፤ የውድድር ዘመኑ ስለተዘጋ አይደለም። ለእያንዳንዱ ዛፍ ተንከባካቢ ቅርንጫፍ ማኅበር ይሰየምለት። ያጠጣው ሰው በየሳምንቱ ፎቶ ይላክ። የሞተውን ደግሞ አትደብቁ፤ ተኩት።

10. ስትናገሩ

ሥራው ሲሞቅ ስፖንሰር ይመጣል። "ከካርቦን ነፃ ጨዋታ" የሚል ጽሑፍ እንድትሰቅሉ ይጠየቃል። አትስቀሉ። ፊፋ የ2022ን የዓለም ዋንጫ ከካርቦን ገለልተኛ ነው፣ ማለትም የለቀቀውን በካይ ጋዝ ሁሉ አካክሷል ብሎ በማስታወቁ በ2023 የስዊስ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን አባባሉ ማረጋገጫ የለውም ብሎ ወስኖበታል። ፊፋን ያልማረ ነገር የእናንተን ማኅበር አይምርም።

ቁጥራችሁን ብቻ ተናገሩ፤ የከፋውንም ጨምሩ። ለምሳሌ እንዲህ፦ "ባለፈው ጨዋታ ከ1,000 ኩባያ 140ው አልተመለሰም። ብዙው የጠፋው በሰሜኑ በር ነው። ቅዳሜ እዚያ ሁለተኛ መመለሻ እንከፍታለን። ከምሥራቅ ሰፈሮች ለሚመጡ አውቶቡስ አለ፤ 12 ወንበር ቀርቷል።" አስጨፋሪው በዕረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ያንብበው፤ ከዕረፍት በፊት ጎል ካልገባብን ማለቴ ነው። በጽሑፍ የሚወጣው ደግሞ ከጨዋታው ሦስት ቀን ቀድሞ ይውጣ፤ መኪና የሚጋራ ሰው ጓደኛ የሚፈልግበት ጊዜ ያግኝ።